ለንጋት ሯጭ የሚበራ ጀርባ፦ በመርፌ፣ በክርና በሁለት የሪሞት ድንጋይ

ታናሽ ወንድሜ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ለሩጫ ከቤት ይወጣል። በዚያ ሰዓት ሰማዩ ገና ጥቁር ነው። ከመንገዱ መብራት አንዱ ይበራል፣ ሁለቱ ጠፍቷል። ቱታው ደግሞ ጥቁር ሰማያዊ ነው። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ሆኜ ከኋላው መጣን። እኔ እህቱ እንኳ አጠገቡ እስክንደርስ ድረስ ሰው መሆኑን አላየሁም። ሾፌሩ መሪውን ድንገት ጠምዝዞ አለፈው። እሱ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ስለነበር ምንም አልሰማም። የዚያን ቀን ማታ መርፌ አነሳሁ።

ስማርት ጨርቅ ሲባል ብዙ ሰው ከአቅሙ በላይ የሆነ ነገር ይመስለዋል። ፈታ አድርጋችሁ ስታዩት ግን ሦስት ነገር ነው፦ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ክር፣ ትንሽ ባትሪ፣ እና የሚበራ ወይም የሚለካ ነገር። ከሦስቱ ይልቅ ግን የሚወስነው ስፌቱ ነው። ስፌታችሁ ጠበቅ ያለ ከሆነ መብራቱ ይበራል። ከላላ፣ ምንም ያህል ውድ ዕቃ ብትገዙ አይረዳችሁም። ስለዚህ ጥልፍ የምትጠልፉ ሰዎች ከኤሌክትሪክ ባለሙያ ይልቅ ለዚህ ሥራ ትቀርባላችሁ።

ዛሬ የምንሠራው በጃኬት ወይም በሰደርያ ጀርባ ላይ የሚለጠፍ፣ ሦስት ቀይ መብራት ያለው ቁራጭ ጨርቅ ነው። መንገድ ጠራጊዎች የሚለብሱት አንጸባራቂ ሰደርያ ካላችሁ አትጣሉት፣ እሱ ላይ ለጥፉት። አንጸባራቂው የሚታየው የመኪና መብራት ሲያርፍበት ብቻ ነው። የእኛው ግን በራሱ ያበራል። ሁለቱ አብረው ሲሆኑ ነው ጥሩ የሚሆነው። ቀይ የመረጥኩትም ሾፌር ቀይ ሲያይ የአንድ ነገር ኋላ መሆኑን ወዲያው ስለሚያውቅ ነው።

ዕቃውን ሰብስቡ

ከአሮጌ ጂንስ ሱሪ 25 በ15 ሴንቲሜትር ቁረጡ። ጂንስ የመረጥኩት ስለማይለጠጥና ቶሎ ስለማይተጣጠፍ ነው። ለላዩ በዚያው ልክ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ስስ ጨርቅ አዘጋጁ። ሦስት ቀይ ኤልኢዲ (ትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ መብራት) ያስፈልጋል፤ ክብ ራስ ያላቸው ባለ 5 ሚሊሜትሮቹ ይሁኑ። ሦስት ባለ 100 ኦም ሬዚስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገታ ትንሽ ዕቃ (ኦም የመግታት አቅሙ መለኪያ ነው)፤ ቀለበቶቹ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቡናማ ሆነው ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ወርቃማ አለበት። ሁለት ቀጫጭን የሪሞት ድንጋይ ከነማቀፊያው፤ ማቀፊያው በብሎን የሚዘጋ ቢሆን እመርጣለሁ። ጠቅ ብሎ የሚገጥም የብረት ቁልፍ አንድ ጥንድ። ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ክር ሁለት ሜትር ያህል። ዓይኑ ሰፋ ያለ መርፌ፣ ፒንሳ፣ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ)፣ ውሃ የመሰለው የጥፍር ቀለም፣ እና ትንሽ ቬልክሮ።

አዲስ አበባ ላይ ከዚህ ሁሉ የሚያስቸግረው ክሩ ነው። ሌላውን ሜርካቶና የኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ ታገኛላችሁ። ክሩን እኔ ከውጭ በመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው ያስመጣሁት። የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ በዚያው ለስፌት የተሠሩ ኤልኢዲዎችንም አስመጡ። እነዚህ ሬዚስተራቸው አብሯቸው የተሠራ፣ ዙሪያቸውን ለመርፌ ቀዳዳ ያላቸው ናቸው። ሊያ ቢክሊ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ የነደፈችው፣ በልብስ ላይ የሚሰፋው ሊሊፓድ አርዱዊኖ የተባለ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ሲወጣ ነው ይህ ዓይነት ዕቃ በሰፊው የታወቀው። ብዙ ሴቶችን ወደ ኤሌክትሮኒክስ ያስገባው በሰሌዳ ፋንታ ጨርቅ፣ በብየዳ ፋንታ ስፌት ስለተጠቀመ ነው ብዬ አምናለሁ።

ክር ጨርሶ ካልተገኘ የተበላሸ የቻርጀር ገመድ ልጣችሁ በውስጡ ያሉትን ቀጫጭን ሽቦዎች ተጠቀሙ። ከብዙ ረቂቅ ሽቦ የተገመዱ ስለሆኑ ሲታጠፉ ቶሎ አይሰበሩም። በተራ ክር ጨርቁ ላይ ጥልፍልፍ እያደረጋችሁ ታስሯቸዋላችሁ። የኔትወርክ ገመድ ውስጥ ያለውን ደረቅ ሽቦ ግን ተዉት፣ ጥቂት ጊዜ ሲተጣጠፍ ይሰበራል።

ስለ ባትሪው አንድ ነገር ልበል። ብዙ መመሪያ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነውን ባትሪ ያዝዛል። ሲአር2032 ይሉታል፤ 20 ማለት ወርዱ 20 ሚሊሜትር፣ 32 ማለት ውፍረቱ 3.2 ሚሊሜትር ነው። ቀላልና ትንሽ ነው፣ እውነት ነው። ግን ሕፃን ልጅ ከዋጠው ጉሮሮ ላይ ተሰንቅሮ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል። ቤት ውስጥ ትንሽ ልጅ ካለ አታስገቡት። ከዋጠ ወይም ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ። የሪሞት ድንጋይ ሁለቱ በተከታታይ ሲገናኙ ያው 3 ቮልት ይሰጣሉ፣ ረዘም ላለ ጊዜ ያገለግላሉ፣ የሰፈር ሱቅም አይጠፉም።

መጀመሪያ ክሩን ፈትኑ

ይህን ደረጃ እንዳትዘሉ። እኔ ዘልዬ አንድ ምሽት አጥቻለሁ። ከነጠላ ጥለት የተረፈ የሚያብረቀርቅ ብርማ ክር ነበረኝ። ብር ከመሰለ ያሳልፋል ብዬ አንዱን መስመር በሙሉ ሰፋሁበት። አምሮም ነበር። ባትሪ ሳገናኝ ግን ብልጭ ያለ ነገር የለም። ቴስተር ሳስነካው ዝም። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው የሚያብረቀርቅ ክር አብዛኛው ስስ የብረት ቅብ ያለው ፕላስቲክ ነው፤ ላዩም ስለተሸፈነ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።

አፈታተኑ እንዲህ ነው። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጉ። ከክሩ አንድ ሜትር ለክታችሁ ሁለቱን ጫፍ በቴስተሩ ሁለት መርፌዎች ንኩ። ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 100 ኦም ድረስ የሆነ ቁጥር ታያላችሁ። ከዚያ በላይ ከሆነ ክሩን እጥፍ አድርጋችሁ ስፉ፣ ያን ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። ቁጥር ጭራሽ ካልመጣ ያ ክር ለጥልፍ ይሁን።

ክሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ብር የተቀባ ናይሎን ነው፤ ለስላሳ ነው፣ ሲሰፋም ደስ ይላል፣ ግን ላብና አየር እያጠቆረው ይሄዳል። ሌላው ከማይዝግ ብረት የተፈተለ ነው። ሸካራ ነው፣ ጫፉ ይበታተናል፣ መርፌ ዓይን ውስጥ ለማስገባት ያናድዳል። ለሚሮጥ ሰው ግን የምመክረው ይህንኑ ነው። ጫፉን በሳሙና ዳበስ አድርጋችሁ ጠምዝዙት፣ ይገባል።

መብራቶቹን አዘጋጁ

ኤልኢዲ አንድ እግሩ ረጅም፣ አንዱ አጭር ነው። ረጅሙ ፖዘቲቭ ነው። እግሩን ከቆረጣችሁ በኋላ ይህ ምልክት ይጠፋል፤ ስለዚህ ሳትቆርጡ በፊት ለዩት። የጠፋባችሁ እንደሆነ የራሱን ግርጌ ተመልከቱ፤ ጠርዙ ጠፍጠፍ ያለበት በኩል ኔጌቲቭ ነው።

በረጅሙ እግር ላይ ሬዚስተሩን አስበይዱ። ብየዳ የማትችሉ ከሆነ ሰፈራችሁ ያለ ሞባይል ጠጋኝ ጋ ውሰዱት፣ ሦስቱን በደቂቃ ውስጥ ይጨርስላችኋል። ሬዚስተሩ የሚያስፈልግበት ምክንያት ቀላል ነው። ቀይ ኤልኢዲ 2 ቮልት ገደማ ይበቃዋል፣ ባትሪያችን ግን 3 ነው። የተረፈው 1 ቮልት በ100 ኦም ውስጥ ሲያልፍ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ 10 ሚሊአምፔር ቢሆን ነው። ሦስቱ ተደምረው ከ30 ገደማ አያልፉም። በቀን አንድ ሰዓት ለሚሮጥ ሰው ደህና ድንጋይ ሳምንታት ያስኬዳል።

ነጭ ወይም ሰማያዊ ለመቀላቀል አትሞክሩ። እነሱ 3 ቮልትና ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ፤ በዚህ ባትሪ ወይ ይፈዛሉ ወይ አይበሩም።

አሁን ሁለቱን እግር ግራና ቀኝ ዘርግታችሁ፣ ራሱ ወደ ላይ ቀና እንዲል አድርጉ። በፒንሳ የፖዘቲቩን ጫፍ ክብ አድርጋችሁ ጠቅልሉ። የኔጌቲቩን ጫፍ አራት ማዕዘን አድርጉት። ክሩ የሚታሰረው በእነዚህ ላይ ነው። ቅርጻቸው የተለያየ ስለሆነ ዓይናችሁን ጨፍናችሁም በጣት ትለዩአቸዋላችሁ። ማታ ማታ ለሚሰፋ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

መስመሩን አስምሩ

ጂንሱ ላይ በጠመኔ ሁለት አግድም መስመር አስምሩ፣ በመካከላቸው 3 ሴንቲሜትር ይሁን፣ ልክ እንደ ባቡር ሐዲድ። የላይኛው ፖዘቲቭ፣ የታችኛው ኔጌቲቭ ነው። ሦስቱ ኤልኢዲዎች በሁለቱ ሐዲድ መካከል ይቆማሉ፣ እርስ በርስ 8 ሴንቲሜትር ያህል ተራርቀው። ክቦቹ ሁሉ ወደ ላይ፣ አራት ማዕዘኖቹ ሁሉ ወደ ታች። ከሬዚስተሩ ጋር እግሩ ከረዘመ ሐዲዱን ትንሽ አራርቁት።

ከታች በስተቀኝ ጥግ ለባትሪው ማቀፊያ የምታክል ኪስ በተራ ክር ስፉ። ኪሱ ክዳን ይኑረው። የብረት ቁልፉን አንዱን ወገን ክዳኑ ላይ፣ ሌላውን ኪሱ ላይ አድርጉ። ማብሪያ ማጥፊያችን ይኸው ነው። ኪሱን ጠቅ አድርጋችሁ ስትዘጉት ይበራል፣ ስትከፍቱት ይጠፋል። ቁልፉ ቀለም የተቀባ ከሆነ የሚገናኙበትን ቦታ በቢላ ፋቅ ፋቅ አድርጉት፣ ቀለሙ ያግደዋል።

አሁን ስፉ

ረጋ የምትሉበት ቦታ እዚህ ነው። አንድ ክንድ ያህል ክር ብቻ አስገቡ፣ ከዚያ ከረዘመ ይተበተባል። ከክዳኑ ቁልፍ ጀምሩ። በቁልፉ ቀዳዳ ሦስት አራት ጊዜ አዙራችሁ ጠበቅ አድርጉ። ከዚያ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር በሆነ ተራ የእጅ ስፌት ወደ ላይኛው ሐዲድ ውጡ። ከኔጌቲቭ መስመር ጋር እንዳይገናኝ በጠርዙ በኩል ዙሩ። ወደ መጀመሪያው ክብ ስትደርሱ መርፌውን በክቡ ውስጥና በጨርቁ ውስጥ አራት ጊዜ አመላልሱ። ሽቦው በጣታችሁ ስትነቀንቁት ንቅንቅ ማለት የለበትም። ንቅንቅ ካለ ነገ እየሮጠ ሳለ ብልጭ ድርግም ይላል።

ሳትቆርጡ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው ክብ ሂዱ። ሦስተኛው ላይ ቋጥሩና ቁረጡ። መቁረጥ ግዴታ ነው። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው ክሩ ስለተረፈው ብቻ በዚያው ወደ አራት ማዕዘኑ ሲወርድ ነው። ያን ጊዜ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ በክር ተገናኙ ማለት ነው፤ መብራቱ አይበራም፣ ባትሪውም ይሞቃል።

በአዲስ ክር የታችኛውን ሐዲድ ስፉ፤ ሦስቱን አራት ማዕዘን አገናኝታችሁ ወደ ባትሪው ጥቁር ገመድ አምጡ። ቀዩን ገመድ ደግሞ ኪሱ ላይ ካለው ቁልፍ ጋር እሰሩ። ገመዶቹን አንድ ሴንቲሜትር ልጣችሁ፣ ሽቦውን ጠምዝዛችሁ ቀለበት አድርጋችሁ፣ በክሩ አምስት ስድስት ጊዜ ጠፍሯቸው። የሁለቱ ወገን ክር የትም ቦታ ከአንድ ሴንቲሜትር ባነሰ ርቀት እንዳይቀራረብ። ጨርቁን ገልብጣችሁ ከኋላም እዩት።

ባትሪ ሳታስገቡ በቴስተር መርምሩ። ኪሱን ዝጉና ቀዩን ገመድና ሦስተኛውን ክብ ንኩ፤ ከ100 ኦም ያነሰ ቁጥር ማሳየት አለበት። ቀዩንና ጥቁሩን ስትነኩ ግን ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር መምጣት የለበትም። ከመጣ አንድ ቦታ ተነካክቷል። የእኔ የመጀመሪያው ይህ ነበር የገጠመው። ግማሽ ሰዓት ፈልጌ ያገኘሁት ከቋጠሮ ሥር የቀረ፣ ከሩዝ ፍሬ ያልበለጠ የክር ጭራ ነው። የብረቱ ክር ጭራው ተበትኖ እንደ ፀጉር ቆሞ ወደ ማዶ ይነካ ነበር። በመቀስ ከሥሩ ቆረጥኩት፣ ባትሪ ሳስገባም መብራቶቹ ቦግ አሉ። ሁለት እጄን አጨበጨብኩ፣ እማዬም ከጓዳ ብቅ ብላ «ምን ሆነሽ?» አለች።

ባትሪውን አስገብታችሁ ሁሉም ሲበራ ቋጠሮዎቹን በሙሉ የጥፍር ቀለም ጠብ ጠብ አድርጉባቸው። ሲደርቅ አይፈታም፣ ጭራውም አይበተንም። መጨረሻ ላይ ደማቁን ጨርቅ በላዩ አልብሱት። የኤልኢዲዎቹ ራስ የሚወጣበት ሦስት ቀዳዳ ብሱና ዙሪያውን በተራ ክር ዝጉት። ከኋላም ከጀርባ ላብ እንዲጠበቅ ስስ ገበር ብትጨምሩ ጥሩ ነው። ላብ ጨው አለው፣ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። በ3 ቮልት ሰውን አይነዝርም፤ ባትሪውን ግን በከንቱ ይጨርሳል፣ ብረቱንም ያበላሻል።

ቬልክሮውን ከጂንሱ ኋላና ከጃኬቱ ጀርባ ላይ ስፉ። ተነቃይ ማድረጌ ለእጥበት ነው። ጃኬቱ በየሳምንቱ ይታጠባል፣ መብራቱ ለብቻው ይቀመጣል።

እጥበትና ሙከራ

መብራቱ ራሱ ሲቆሽሽ ድንጋዩን አውጡ። ለብ ባለ ውሃና በቀላል ሳሙና በእጅ አሹት። በረኪና አይንካው፤ አትጭመቁት፣ ማሽን ውስጥም አትክተቱት። ጥላ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት። ድንጋዩን የምትመልሱት ጨርቁ በውስጡም እስኪደርቅ ጠብቃችሁ ነው። ካውያ በኤልኢዲው ላይ እንዳታሳርፉ።

ሙከራውን ቤት ውስጥ አታድርጉት። ማታ ልብሱን ለአንድ ሰው አልብሳችሁ መንገድ ላይ 100 እርምጃ አርቁት። ጎንበስ ሲል፣ እጁን ሲያወዛውዝ እዩት። እኛ ስንሞክር ወንድሜ ጎንበስ ሲል መብራቱ ሽቅብ ወደ ሰማይ ዞረ። ስለዚህ ከወገቡ አንስቼ ትከሻና ትከሻው መካከል ለጠፍኩት።

ተሠርቶ የተዘጋጀ መግዛት ለምትፈልጉ

ሁሉም ሰው አይሰፋም። ስትገዙ የምጠይቃችሁ አንድ ጥያቄ ነው፦ የስልክ አፕሊኬሽኑ ቢጠፋ ይህ ልብስ ምን ይሠራል? ጉግልና ሊቫይስ እ.ኤ.አ. በ2017 እጅጌውን በመንካት ስልክን ለማዘዝ የሚያስችል የጂንስ ጃኬት በ350 ዶላር አውጥተው ነበር። ሥራው ድንቅ ነበር፤ የሚያሳልፈው ክር ከጨርቁ ጋር አብሮ የተሸመነ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2023 አገልግሎቱን ዘጋው። ጃኬቱ ጃኬት ሆኖ ቀረ። ለዚህ ነው በራሱ የሚሠራውን የምመርጠው።

ሯጮች የሚያውቁት የደረት ቀበቶ ጥሩ ምሳሌ ነው። የፊንላንዱ ፖላር እ.ኤ.አ. በ1977 ተመሥርቶ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ገመድ አልባ የልብ ምት መለኪያ ያወጣ ነው። ቀበቶው ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፉ ሁለት ጠፍጣፋ ቦታዎች አሉ፣ የልብን ምት የሚያነቡት እነሱ ናቸው። እዚህ ላይ ላብ ወዳጅ ነው። ደረቅ ሆኖ ከታሰረ የተሳሳተ ቁጥር ያሳያል፤ ስለዚህ ከመታጠቁ በፊት እነዚያን ቦታዎች በውሃ አርጥቡ። ከሩጫ በኋላ መለኪያውን ነቅላችሁ ቀበቶውን በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት። ጨው ከደረቀበት ዕድሜው ያጥራል። ማሰሪያው ደግሞ ለመተንፈስ እስከማያስቸግር ድረስ ጠበቅ ይበል።

ሲበላሽ

ይበላሻል፤ ብዙ ጊዜም ከአንድ ቦታ ነው። የወንድሜ ከጥቂት ወራት በኋላ የግራው መብራት ጠፋ፣ ሁለቱ ግን ይበራሉ። አንዱ ብቻ ከጠፋ ችግሩ ያ አንድ መብራት ላይ ነው። ሦስቱም ከጠፉ ባትሪውን፣ ቀጥሎ ቁልፉን፣ ቀጥሎ ከኪሱ የሚወጣውን ክር ተመልከቱ። የላዩን ጨርቅ በአንድ ጎን ፈትቼ ሳይ አራት ማዕዘኑን የያዘው ክር ላልቶ ነበር። ሦስት ጊዜ ብቻ አዙሬው ኖሯል። በአዲስ ክር ስድስት ጊዜ አዙሬ አሰርኩት፣ የጥፍር ቀለም ጠብ አደረግኩበት፣ እስኪደርቅ ቡና ጠጣን። በማግስቱ 11 ሰዓት ላይ በረንዳ ላይ ቆሜ አየሁት። ሦስቱም ቀይ እየዘለሉ ዳገቱን ወጡ፣ ኩርባው ጋ እስኪታጠፍ ድረስ ይታየኝ ነበር።